የአዋሽ ሸለቆና የኃያላን ውል

የአዋሽ ወንዝ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ የአፋርን ሜዳ ካጠጣ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። መንገዱ ግን ከአዋሽ ከተማ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አልፎ በጋላፊ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። ስለዚህ በባሕሩ ዳር የሰፈረ ኃያል መንግሥት ሁሉ ይህን ሸለቆ ሳይመለከት አልቀረም።

የግብጽ ገዥ እስማኤል ፓሻ በ1868 ዓ.ም. በሁለት በኩል ጦር ላከ። በሰሜን የመጣው በጉንደት በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። ከታጁራ የተነሣውን ደግሞ የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር ፓሻ ይመራው ነበር፤ ሐሳቡም በአውሳ አልፎ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ ለመድረስ ነበር። ነገር ግን የአውሳ ሰዎች በሌሊት አደጋ ጥለውበት እርሱም ብዙ ወታደሮቹም በዚያው አለቁ።

በጦር ያልተገኘው ከዚያ በኋላ በወረቀት ተፈለገ። አሰብን የያዘችው ኢጣልያ በ1881 ዓ.ም. ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬ ጋር ተዋዋለች፤ በዚያው ዓመት የውጫሌ ውል ተጻፈ። የዚህም ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ጠቡ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክ ግን ድል አድርገው ሳለ በመሣሪያ ብቻ አልታመኑም፤ በ1889 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የሰላም፣ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር የወሰን ውል አደረጉ።

ይሁን እንጂ ውልም ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ኢጣልያ በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተዋዋለች፤ ከዚህም ጋር አሰብንና ደሴን በአፋር ምድር የሚያገናኝ መንገድ ታስቦ ነበር። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን የከለከለውንም ውል ተቀብላ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን ሁለቱንም አፍርሳ ወረረች፤ መርዙንም በሰው ላይ አፈሰሰች። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሊያስቆማት አልቻለም።

ዛሬ በጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የቻይና ወታደሮች ጎን ለጎን ሰፍረዋል፤ ሦስቱም መንግሥታት የኑክሌር መሣሪያ ያላቸው ናቸው። የአፍሪካ መንግሥታት አህጉራቸው ከዚህ መሣሪያ ነጻ እንዲሆን የፔሊንዳባን ውል በ1988 ዓ.ም. በካይሮ ፈረሙ፤ በ2001 ዓ.ም. ጸና። ባለ መሣሪያዎቹም በዚህ ምድር ላይ እንዳይጠቀሙበትና እንዳያስፈራሩበት የሚያስገድድ ተጨማሪ ቃል አለው። ፈረንሳይና ቻይና አጽድቀውታል፤ አሜሪካ ግን ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም።

እንግዲህ የውጫሌ አንቀጽ ቃሉን መርምሮ መፈረም እንዲገባ ያስተምራል፤ የ1928 ዓ.ም. መከራ ደግሞ ውል አፍራሹን የሚጠይቅ ከሌለ ፊርማ ከንቱ መሆኑን ይመሰክራል። በባሕሩ በር አጠገብ ለሚኖር ሕዝብ ሁለቱም ትምህርቶች ያስፈልጉታል።