ለገጠሩ ሕዝብ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን፦ የጎንደር ኮሌጅ ታሪክ

የአንድ አገር የሕክምና ትምህርት የሚመዘነው ባስመረቃቸው ሐኪሞች ብዛት ብቻ አይደለም፤ ተመራቂዎቹ የት ይሠራሉ፣ ማንንስ ያክማሉ የሚለውም ጥያቄ አብሮ መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ቀደም ብሎ ምላሽ የሰጠው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በጊዜው በአገሪቱ ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በከተማ ነበር። ሐኪሞች ሠልጥነው በብዛት እስኪወጡ መጠበቅ የገጠሩን ሕዝብ ያለ ረዳት መተው መሆኑ ስለታመነበት፣ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር በመተባበር በ1954 ኮሌጁን አቋቋመ።

ኮሌጁ በመጀመሪያ ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ነው። የጤና መኮንኑ የተለመዱትን በሽታዎች መርምሮ ማከምን፣ ወረርሽኝን መከላከልንና ጤና ጣቢያን መምራትን ይማራል። የኅብረተሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ቤት ለቤትም ትጎበኛለች። ሳኒቴሪያኑ ደግሞ የመጠጥ ውሃን፣ የመጸዳጃ ቤትንና የአካባቢን ንጽሕና ይቆጣጠራል።

ይሁን እንጂ የኮሌጁ ዋነኛ አስተዋጽኦ የሠልጣኞቹ የሙያ ዓይነት ሳይሆን የአሠለጣጠኑ ስልት ነው። ተማሪዎቹ በሆስፒታል ብቻ ሳይወሰኑ፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን ተሰማርተው ይሠሩ ነበር። በዚህም በሽተኛውን ከማከም አልፈው፣ የታመመበትን ምንጭ፣ ማለትም ጉድጓዱን፣ ቤቱንና መንደሩን መመርመር ለመዱ። በ1958 እንደገና የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ መገመቱ፣ እንዲህ ያለው ሥልጠና ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበር ያስረዳል።

ኮሌጁ በ1961 በዩኒቨርሲቲው ሥር ተጠቃለለ፤ በ1964ም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የጤና መኮንኑ ከሐኪሙ ጋር መነጻጸሩ አልቀረም። የሐኪም ያህል ኃላፊነት ተሸክሞ በገጠር የሚያገለግል ባለሙያ፣ በማዕረግና በዕድገት ግን ከሐኪሙ በታች ነበር። በመጨረሻም ኮሌጁ በ1978 በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ተለወጠ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም በዚያው ዘመን ተቋረጠ። የሚያስገርመው፣ የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን የሁሉም አገር መመሪያ ያደረጉት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

የተቋረጠው ሥልጠና በ1990ዎቹ እንደገና ተጀመረ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2013 የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል። የቤተሰብ ሐኪም በሽተኛውን ከቤተሰቡና ከኑሮው ሳይነጥል እንዲያክም የሚሠለጥን በመሆኑ፣ አዲሱ ሙያ ከጎንደሩ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪው ሊያገለግለው ከሚገባው ሕዝብ መካከል ሆኖ ሊሠለጥን ይገባል። ነገር ግን ሥልጠናው ብቻውን ባለሙያውን በገጠር አያቆየውም፤ ማዕረጉ፣ ደመወዙና የዕድገት በሩ ከኃላፊነቱ ጋር ካልተመጣጠነ፣ መልካም የተባለው ሥርዓተ ትምህርት ሁሉ ባለሙያውን ለከተማ አዘጋጅቶ ከመላክ አያልፍም።