የማጂን ታሪክ ከአያት አፍ

የዛሬው ንግግራችን ፊደል የቆጠረ ሰው በገዛ ቤቱ ሊሠራው ስለሚችለው አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የቤተሰብን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጠይቆ ታሪክን መጻፍ። ለምሳሌ የምንወስደው የማጂን አገር ነው።

ለምን ማጂን መረጥን? ስለዚያ አገር ቀድመው ከጻፉት ሰዎች መካከል የውጭ አገር ሰዎች ስለሚበዙ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ካስገበሩ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ወደ ደቡብ፣ ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል ወደነበረው ወደ ቱርካና ሐይቅ ወረዱ። አብሯቸው የዘመተው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች ያየውን ጽፎ አሳተመ። ኋላ ደግሞ እንግሊዞች በማጂ ቆንስላ ከፈቱ፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም መጽሐፍ ጻፈ። ጽሑፎቹ ይጠቅማሉ፣ አንንቃቸውም። ዳሩ ግን አንዱ ከጦሩ መካከል፣ ሌላው ከቆንስላው ደጃፍ ሆኖ ነው ያየው። በማሳው ላይ የነበረው የዲዚ ገበሬ ምን አየ? እሱ አልጻፈም። ለልጁ ነገረ፤ ልጁም ለልጁ ነገረ።

ታዲያ ይኼ ወሬ እስከ መቼ ይቆያል? እስቲ እናስላው። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አባት የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የጣሊያንን ዘመን በዓይናቸው አላዩም፣ ከእናታቸው ነው የሰሙት። የመሬት አዋጁን፣ የካቲት 25 ቀን 1967ን ግን ጎልማሳ ሆነው አይተዋል። ለማን ይከፍሉ እንደነበር፣ ምን ይከፍሉ እንደነበር፣ አዋጁ ሲነገር የት ቆመው እንደሰሙ ሊነግሩን ይችላሉ። ይህን ዛሬ ካልጠየቅን ከዐሥር ዓመት በኋላ ማንን ልንጠይቅ ነው?

ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም፤ ነገር ይቆጥራል። «ጣሊያን ሲገባ እናቴ እኔን አዝላ ነበር» ካሉ ቶሎ ብለን 1928 ብለን መጻፍ የለብንም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ጎሬን እንኳ የያዘው በ1929 ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከዚያ ዘግይቶ ነው የደረሰው። እንግዲህ «በ1929 ግድም» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ግድም ማለት ነውር የለውም።

ሴቶችን መጠየቅ ደግሞ የብዙ ሰው ዓይን የሚያልፈው ነገር ነው። ባልቴቷ በጋብቻ ከሌላ መንደር የመጡ ከሆነ የሁለት መንደር ታሪክ ይዘዋል፤ የተወለዱበትንም፣ ያገቡበትንም። ባላቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ ግን «እሳቸውን ጠይቁ» ይሉና ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቡና ሲያፈሉ ለብቻቸው ማጫወት ነው።

በማጂ ከተማ የወታደሩም የገባሩም የልጅ ልጆች አሉ። አንደኛው «አያቴ ማደሪያ ተሰጥቷቸው ነው የመጡት» ይላል፤ ሁለተኛው «አያቴ ለዚያ ቤት እንጨት ተሸክመዋል፣ እህል ተፈጭቷል፣ አጥር ታጥሯል» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ግቢ ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው የግቢውን ግማሽ ነው የሚጽፈው። ገባርነት ከነፃነት ወዲህ በ1930ዎቹ በሕግ ቢቀርም ጭሰኝነቱ እስከ 1967 ቆይቷልና፣ ይኼ በጣም የራቀ ወሬ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የባሪያ ፍንገላ ነው። ማጂ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ የተጎዳ አገር ነበር፤ ሰው እየተፈነገለ ስንት ሰፈር ባዶ ቀርቷል። የባሪያን ንግድ የሚከለክል አዋጅ በ1916 ወጣ፣ በ1934 እንደገና ወጣ። ሁለት ጊዜ መውጣቱ ራሱ የመጀመሪያው እንዳልበቃ ይነግረናል። ስለዚህ ጉዳይ በቀጥታ «የእናንተ ሰው ባሪያ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው፤ ሽማግሌው ተነሥተው ቢሄዱ አይፈረድባቸውም። «ከቤታችን ሄዶ ያልተመለሰ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ በለዘብታ መጠየቅ ይቻላል። አለ ከተባለ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው መንገድ እንደተወሰደ መጠየቅ ነው። አልናገርም ካሉ ደግሞ መተው ነው። ሌላ ቀን ራሳቸው ያነሡት ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረን፤ ቋንቋው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ዲዚኛ ግን ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። በዘመቻው ጊዜ የዲዚ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው፤ ታሪኩን የሚያስታውሰው ደግሞ በዲዚኛ። የአያት ወሬ ወደ አማርኛ ሲዞር ስሞች ይለወጣሉ፣ የወንዝና የተራራ ስም ይጣመማል። የተፈነገለም ልጅ በሄደበት አገር ሌላ ስም ነበር የሚወጣለት። እንግዲህ ወሬውን በአማርኛ ብንጽፈውም፣ የሰውንና የቦታን ስም ግን አያት እንደጠሩት አስደግመን ሰምተን፣ እንደሰማነው እንጻፈው። ከሥሩም የነገረንን ሰው ስም፣ የጻፍንበትን ቀንና ወሬውን ከማን እንደሰሙት እናስፍር።