ላባ ስለ ዕድሜና ስለ ጾታ የሰጠው ምስክርነት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ስደተኛ የውሃ ዳር ወፎች በላባቸው ሲለዩ የኖሩበትን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ግራጫ ላባ ያለውን አንድ ወፍ ትሪንጋ ስኳታሮላ ሲል ሰየመው። በ1766 ደግሞ ሆዱ ጥቁር የሆነውን ትሪንጋ ሄልቬቲካ አለው። ሁለቱ ግን አንድ ወገን ናቸው፤ ግራጫው የብርድ ወራት፣ ጥቁሩ የመራቢያ ጊዜ ላባ ነው። የደረቀ ቆዳ ይዞ የሚፈርድ ሰው ወፉ ልብሱን ሲለውጥ አያይምና በሊቁ ላይ አንፈርድም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው እንግሊዞች ረፍ የሚሉት ወፍ ነው። ሴቲቱን እንኳ ሪቭ ብለው በሌላ ስም ይጠሯታል። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጎፈር ያለ ላባ ያበቅላል፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ጎፈር ያላቸው ቦታ ይዘው ይፋለማሉ፣ ነጮቹ ግን ቦታ ሳይዙ ከእነርሱ አጠገብ ይቆማሉ። ወደ አገራችን የሚመጣው ይህን ጎፈር ካወለቀ በኋላ ነው። በጥቅምት ወር በዝዋይ ሐይቅ ዳር ለሚቆም ተመልካች ወንዱን ከሴቲቱ የሚለይለት የአካል ትልቅነት ብቻ ነው። የዓመቱ ጫጩት ግን ደረቱ የገለባ ቀለም ስላለው፣ የጀርባው ላባም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ስለፈዘዘ ይታወቃል።

ይህ ደንብ የጸና ይመስል ነበር። ነገር ግን በሆላንድ አገር፣ በፍሪስላንድ፣ በጸደይ ከሚያልፉት ረፎች መካከል መጠናቸው ከወንዱ ያነሰ ከሴቲቱ የበለጠ፣ ጎፈርም የሌላቸው ጥቂት ወፎች ተያዙ። ላባቸው የሴት ነው፤ በውስጣቸው ግን ትልልቅ የወንድ ዘር ፍሬ ተገኘ። ዮፕ ዩኬማና ተኒስ ፒርስማ በ2006 ይህን ሲገልጹ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሴት መስለው የሚኖሩ ወንዶች መሆናቸውን አስረዱ፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛም ፌደር፣ ማለት አባት፣ ብለው ሰየሟቸው። ከመቶ ወንዶች አንድ ያህል እንዲህ ነው። በ2015 የወጡ የዘር ጥናቶች ምክንያቱን ሲያመለክቱ፣ ከ3.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ክሮሞሶም ክፍል ስለተገለበጠ ነው ይላሉ።

ታዲያ በየቤተ መዘክሩ መሳቢያ «ሴት» የሚል ወረቀት ከታሰረባቸው ቆዳዎች መካከል ስንቱ ወንድ ይሆን? የክንፋቸውን ርዝመት እንደገና መለካት ያሻል። እኛም በዝዋይ ዳር በመነጽር አይተን ሴት ብለን ከመዘገብናቸው መካከል ቁመታቸው ያጠራጠረንን ሁሉ ጾታቸው ባልታወቀው ረድፍ አዛውረናል።