የእንጦጦ ውኃና ወፎቹ፦ በቀበና ዙሪያ የወፍ ምልከታ ታሪክ

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ይነሣና በየካና በአራት ኪሎ መካከል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከአቃቂ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ከዚያው ተራራ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ዝናብ ግን በሙገር አድርጎ አባይ ይገባል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የውኃ መለያያ ጋራ ነው። በአናቱም ሆነ በግርጌው የተፈጥሮ ሐይቅ የለውም። ውኃ የሚቋጠረው በሱሉልታ ረግረግ ሜዳ፣ በስተምዕራብ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኘው የገፈርሳ ግድብ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ከየካ ማዶ በለገዳዲ ግድብ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የደጋ ውኃ ወፎችን የመመልከት ታሪክ የእነዚህ ቦታዎች ታሪክ ነው።

የደጋ ሰው ወፎቹን የሚያውቃቸው ሳይንስ ስም ሳያወጣላቸው ነው። ጋጋኖ፣ ሳቢሳ፣ ሽመላ፣ ዝይ፣ ዳክዬ፣ ጆፌ፣ ጭልፊት፣ ሶሪት የሚሉት ስሞች የቆየ ዕውቀት ምስክሮች ናቸው። ጋጋኖ በማለዳ ከማደሪያ ገደሉ ተነሥቶ በመንጋ እየጮኸ ወደ መስክ ሲያልፍ የሰማ ሁሉ ወፉን ሳያይ ያውቀዋል። በጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥላ ትታያለች፤ ሲበር ደግሞ በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ይገለጣል። በከተማው ውስጥ እንኳ በሣር ሜዳ ላይ ቀጭንና ቆልማማ ምንቃሩን መሬት ውስጥ እየሰደደ ትል ሲለቅም ይገኛል። የኦርቶዶክስ ምእመናን ዝይና ዳክዬ የመብላት ልማድ ስለሌላቸው የውኃ ወፎች በደጋው ከሰው ተጠግተው ኖረዋል። የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢዎችም ጽድና ወይራ ጠብቀው ስላቆዩ ለጫካ ወፎች መጠለያ ሆነዋል። ይህ ጥበቃ በአዋጅ የመጣ አይደለም፤ ያም ሆኖ ለብዙ ዘመን ከማንኛውም አዋጅ የበለጠ ሠርቷል።

ወፎቹ በሳይንስ መዝገብ መግባት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሰሜኑን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን ወፎች ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ከሚታዩት ወፎች በርካቶቹ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ጽሑፎች ነው፦ ጋጋኖ፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ፣ በገደልና በሕንፃ ጉልላት ላይ የሚያድረው አንገተ ነጭ ርግብ፣ በ1845 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ። ሸዋን በጥልቀት ያጠኑት ግን ጣሊያኖች ናቸው። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የመሩት የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ በ1876 እ.ኤ.አ. ሸዋ ገባ፤ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ እዚያው በ1882 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ ወፍ ሲሰበስቡ ቆዩ፤ ሥራቸውንም ሐኪሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ ቀጠሉት። የሁለቱን ስብስብ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በጣሊያን መርምረው በካታሎግ አሳትመዋል። በዚያ ዘመን ወፍ መመልከት ማለት ወፍ መተኮስ ነበር፤ ቆዳው ተገፎ፣ ጥጥ ተጠቅጥቆበት፣ የቦታና የቀን ወረቀት እግሩ ላይ ታስሮ ወደ አውሮፓ ይላካል። መንገድ የመሩት፣ ወፉ የሚውልበትን ረግረግ ያሳዩትና ቆዳውን ያዘጋጁት ኢትዮጵያውያን ስም ግን በአብዛኛው በወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። ይህ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ነው።

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ሲወርድ የአካባቢው ገጽታ ተለወጠ። በተራራው ላይ የነበረው ጽድ ለግንባታና ለማገዶ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ የገባው ባሕር ዛፍ ቦታውን ተክቶ እንጦጦን ሸፈነው። ባሕር ዛፍ ለጭልፊት፣ ለጆፌና ለቁራ ረጅም ማደሪያ ሆኖላቸዋል፤ ፍሬና ቁጥቋጦ ለሚሹት እንደ ሶሪት ላሉ ወፎች ግን የሚጠቅማቸው ነገር ጥቂት ነው። ከተማዋ የራሷን ወፎች የመረጠችው እንዲህ ሆና ነው ማለት ይቻላል።

ምኒልክ ለብሪታንያ መልእክተኞች የሰጡት ሰፊ ግቢ የሚገኘው በዚሁ በቀበና አካባቢ ነው። በ1902 ዓ.ም. በዚያ ግቢ በጭቃ ጎጆ ውስጥ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የልጅነት ዓመታቱን ከእንጦጦ ሥር ባለው መስክ ወፍና አውሬ እየተከታተለ አሳለፈ። አባቱ በአዲስ አበባ የብሪታንያ መልእክተኛ ነበሩ። ቴሲጀር በ1930 እ.ኤ.አ. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተመልሶ መጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የአዋሽን ወንዝ መጨረሻ ለማግኘት ወደ አፋር ምድር ዘለቀ። ከጉዞው ይዞት የተመለሰው የወፍ ስብስብ በ1935 እ.ኤ.አ. አይቢስ በተባለው የብሪታንያ የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ ታትሟል። ቀበና ላይ በተፈጥሮ ፍቅር ያደገ ልጅ የተከተለው ወንዝ፣ የቀበና ውኃ በአቃቂ በኩል የሚደርስበት ወንዝ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ ይካሄድ ነበር። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የአባይን አካባቢ ሲያስሱ ወፎችን አጥንተዋል፤ መጽሐፋቸው በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ ከአሜሪካ ኤድጋር ሜርንስ ከቻይልድስ ፍሪክ ጉዞ ጋር በ1911 እና በ1912 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን አልፈው እስከ ኬንያ ሲዘልቁ ከ5,000 በላይ ወፎች ሰብስበዋል።

ከእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ ይበልጥ ሊዘከር የሚገባው የ1919 ዓ.ም. ጉዞ ነው። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ባሰማራው ቡድን ውስጥ በዘመኑ ከአሜሪካ የወፍ ሠዓሊዎች ሁሉ የላቀው ሉዊስ አጋሲ ፉየርቴስ ነበር። ቡድኑ አዲስ አበባ ሲገባ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለውታል። ፉየርቴስ እንደ ሌሎቹ ቆዳ ብቻ አልሰበሰበም። ወፉ ገና ከመሞቱ፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ ካምፕ ውስጥ ተቀምጦ ይሥለዋል። የዓይኑ ቀለም፣ የምንቃሩ ሥር፣ የእግሩ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ እነዚህን ነው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው። ሠዓሊው ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1927 እ.ኤ.አ.፣ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከአደጋው ተረፉ፤ የተመረጡትንም ሙዚየሙ በ1930 እ.ኤ.አ. በአልበም አሳተማቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ወፎች በሕይወት እንዳሉ ሆነው ለዓለም የታዩት በእነዚህ ሥዕሎች ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው ሊታዩ የሚገባቸው ቅርሶች ናቸው።

የገፈርሳ ግድብ ታሪክ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው ግድብ ሲሠራ፣ ቀድሞ ረግረግና የከብት መስክ በነበረው ከፍታ ላይ ሰፊ ውኃ ተኛ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአንበጣ ቁጥጥር ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የነፍሳት ተመራማሪ ኬኔት ጊሻርድ በትርፍ ጊዜው የዋና ከተማዋን አካባቢ ወፎች ይመዘግብ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአዲስ አበባ አካባቢ ወፎች ጥናት ለከተማዋ በአንድ ላይ የተሰናዳ ቀደምት መዝገብ ነው። ከዚያ በፊት በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ አጭር ማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ ታሪክ ይበልጥ ያስታወሰውም ይህን ማስታወሻ ነው።

ወፏ ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ ናት። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ በቄጠማና በረጅም ሣር ውስጥ እየተሹለከለከች ትኖራለች፤ ካልተረገጠች በቀር አትነሣም። ስትነሣም ለጥቂት ሜትር ዝቅ ብላ ትበርና ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ትጠፋለች። በዚያች ቅጽበት የሚታየው በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ብቻ ነው። በዓለም ላይ የምትታወቀው በኢትዮጵያ ደጋና በደቡባዊው አፍሪካ ጥቂት ቦታዎች ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጦጦ፣ ገፈርሳና ሱሉልታ በየጊዜው ተመዝግባለች። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኋላ ግን ለአርባ ዓመት ያህል ከኢትዮጵያ መዝገብ ጠፋች።

በእነዚያ አርባ ዓመታት የወፍ ምልከታ ከጠመንጃ ወደ ባይኖክላር ተሻገረ። በ1966 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ዋልያ የተሰኘ መጽሔትም ማሳተም ጀመረ። በአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በ1971 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። የአገሪቱን ወፎች በአንድ ጥራዝ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉን ከአውሮፓ ሳይሆን ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት የቻለው ያኔ ነው። በዚያው ዘመን ጆን አሽ ወፎችን በመረብ ይዞ እግራቸው ላይ ቀለበት እያሰረ ይለቅ ነበር። ቀለበት የታሰረ ወፍ በሌላ አገር ሲያዝ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። አሽ በ1976 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ገደል ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ወፍ አገኘ፤ ከጆን አትኪንስ ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች አትላስ የወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑ የኢትዮጵያ ሥፍራዎችን መድብል አወጣ። በመድብሉ 69 ሥፍራዎች ተለይተው ተመዝግበዋል። በእነዚያው ዓመታት ክንፈ ነጯ የረግረግ ወፍ በሱሉልታ ሜዳ እንደገና ታየች፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው በበርጋ ረግረግም እንደምትራባ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው የወፍ ጥናትን ከሰፈር ሕይወት ጋር አገናኘው። የበርጋ ነዋሪዎች የወፍ ጥበቃ ቡድን አቋቋሙ፤ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ እርዳታም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። ወፏ የምትራባው በክረምት፣ ሣሩ ሲያድግና ሜዳው ውኃ ሲቋጥር ነው። በዚህ ጊዜ ከብት ወደ ሜዳው ካልገባ ጫጩቶቹ ይድናሉ። እርሻውን ከሚያውቅና ከብቱን ከሚጠብቅ ሰው በቀር ይህን ሊያደርግ የሚችል የለም። ወፏ በአሁኑ ጊዜ በዓለም ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ናት።

ገፈርሳ ዛሬም ለጀማሪ ተመልካች የተመቸ ቦታ ነው። በበጋ ከሰሜን አውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች ከአገሬው ዳክዬ ጋር ተቀላቅለው ውኃው ላይ ይውላሉ። ግድቡ ዳር ባለው አጭር ሣር ላይ ደግሞ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይግጣል። ሌላ ዝይ አንገቱን ሲያቀና እሱ ጀርባው ላይ አጥፎ ይቆማል፤ ከርቀት ግራጫ ድንጋይ ይመስላል። ሲነሣ ብቻ በክንፉ ትከሻ ላይ ያለው ሰማያዊ ይበራል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ መኖሪያ የለውም። በስተምሥራቅ ያለው ለገዳዲም ተመሳሳይ ወፎች አሉት፤ ለየካና ለቀበና ነዋሪ የሚቀርበውም እሱ ነው።

በጫካው በኩል የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ሲተክል ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የከተማውን ሕዝብ በብዛት ወደ ተራራው አወጣው። ከዚህ ጋር ወፍ የማሳየት ሥራ የኢትዮጵያውያን ሙያ እየሆነ መጥቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኢትዮጵያ ወፎች የሚታዩባቸውን ቦታዎች የሚጠቁመው መጽሐፍ ከሦስት ጸሐፊዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው መሪድ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ባሉባት አገር ይህ ሙያ ገና ሰፊ ቦታ አለው።

የቀበና ወንዝ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ተረስቷል። የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ አቃቂ ይገባል፤ ቆሻሻው ዝይና ዳክዬ በብዛት በሚሰፍሩበት፣ በዚያው ወንዝ ላይ ባለው በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይጠራቀማል። የሱሉልታ ሜዳም በግንባታ እየተሸረሸረ ነው። የውኃ ወፎች ቆጠራ በመላው አፍሪካ የሚካሄደው በጥር ወር ነው። ባይኖክላርና ደብተር ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚያ ወር አንድ ማለዳ ገፈርሳ ወይም ለገዳዲ ዳር ቆሞ ያየውን ቢመዘግብና ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ቢያደርስ፣ ከጊሻርድ ዘመን ጀምሮ በተጻፈው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል።