በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ግን ማን ይወርሰዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ያልሰማ ተማሪ የለም። ደብተር ያልያዘ ልጅ የሚገሰጸው በዚህች አባባል ነው። ችግሩ «መውረስ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል። ደርግም በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ወርሷል። አንዱ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ነው፤ ሌላው ከእጅ መቀማት ነው። የጻፍነው ነገር በየትኛው መንገድ እንደሚወረስ ግን አባባሉ አይነግረንም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ማስታወሻ አፖች ለማውራት ነው። አዎ፣ ስልካችን ላይ ስለምንጭናቸው፣ «ነገ የምሠራውን፣ ያነበብኩትን፣ የሰማሁትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ» ብለን በሁለተኛው ሳምንት ስለምንረሳቸው አፖች። «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ኢንተርኔቱን ብትጠይቁት መልስ አይጠፋም። መልስ ሰጪዎቹ ግን መብራትና ኔትወርክ የማይጠፋበት አገር ሰዎች ናቸው፤ የሚመዝኑትም በራሳቸው ኑሮ ነው። እኔ ሌላ ሚዛን ላቅርብ። ሚዛኑ የኢሉባቦር ታሪክ ነው። ለምን ኢሉባቦር ካላችሁ፣ ማስታወሻ መያዝ ምን ያህል እንደሚያተርፍና የያዙትን ማጣት ምን እንደሚመስል እንደዚያ አገር አጥርቶ የሚያሳይ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሂካ እና አስቴር

ከመቱ ወደ ያዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ የምትባል ከተማ አለች። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ሂካ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ልጁ አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፣ ተሰረቀ፣ ከገዢ ወደ ገዢ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ማለት እሱ ነው።

ኦኔሲሞስ ሕይወቱን የሰጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ነበር። ነገር ግን አንድ ክፍተት ነበረበት። ከቀዬው የወጣው በልጅነቱ ነው፤ ስለዚህ የአዋቂ ሰው ቋንቋ አልነበረውም። የሽማግሌ ተረት፣ የእርሻ ቃል፣ የለቅሶና የሠርግ አነጋገር የሚማርበት ዕድሜ ላይ እሱ ሩቅ ነበር።

ይህን ክፍተት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም እንደ እሱ በባርነት የተሸጠች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳትን ጀልባ የጣሊያን መርከቦች ያዙት፤ እሷም እምኩሉ ደረሰች። ኦኔሲሞስ ለቋንቋ ያላትን ስጦታ ለማየት ጊዜ አልወሰደበትም፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት። ከዚያም በቃሏ የያዘችውን ወደ 500 የሚደርስ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪ አንባቢዎች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪስኮና በተባለ ቦታ ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አስቴር ከአገሯ ስትወጣ ወረቀት አልያዘችም። ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረውን ግን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ አደራጀችው። ዛሬ ስለ «ምርታማነት» የሚጻፉ መጻሕፍት ገጽ በገጽ የሚሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ያሰብከውን ከጭንቅላትህ አውጣ፣ መልክ አስይዘው፣ መልሰህ ተጠቀምበት። አስቴር ይህን የሠራችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ ገደማ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ባትሪ በማያስፈልገው መሣሪያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የተርጓሚው ስም ገናና ሆነ። የማስታወሻዋ ባለቤት ግን ለረዥም ጊዜ ጥላ ውስጥ ቆየች። የማስታወሻ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ማን ሰበሰበው የሚለው ጥያቄ፣ በማን ስም ታተመ በሚለው ይዋጣል።

የተጻፈው የሄደበት አገር

ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ። ወደ ጎሬ የመጣው ሰው ሁሉ ይጽፍ ነበር ማለት ይቻላል። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1896 እና 1897 እስከ ባሮ ወንዝ ተጉዞ ማስታወሻውን በዚያው በ1897 ፒተርስበርግ ውስጥ በመጽሐፍ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳርቻ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፤ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። የኢሉባቦር ቡና በጭነት እንስሳ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ጀመር። ጎሬም የእንግሊዝ ቆንስል ተከፈተ።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ ጎሬ የቀረው መንግሥት መጠጊያ ሆነች። ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ። የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን የሚባለውን ያቋቋሙት ባላባቶችም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በጎሬው ቆንስል በኩል ነው። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። በወሩ ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

ያንን ወቅት ማጥናት የፈለገ ሰው የት ይሄዳል? ትልቁን ክፍል የሚያገኘው ለንደን ነው፤ የቆንስሉ ደብዳቤዎች ከእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መዛግብት ጋር እዚያ ተቀምጠዋል። የሚሲዮኑን የሚፈልግ ወደ ስዊድን ያመራል። ጎሬ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ከጎሬ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ያስቀመጡት ባያስቀምጡት ኖሮ ይኸንንም አናገኝም ነበር። ግን የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አትርሱብኝ፤ ማን ይወርሰዋል?

የዱቤ ደብተር

ከቆንስሉ ፋይል ጎን ለጎን ሌላ የማስታወሻ ባህል አለ፤ እሱ ለንደን አልሄደም። የዱቤ ደብተር ነው። መቱም ሆነ በደሌ፣ ጎሬም ሆነ ቡሬ ሱቅ ግቡ፤ ከባንኮኒው ሥር ዳር ዳሩ የተጠቀለለ ደብተር አይጠፋም። ስም፣ የተወሰደው ዕቃ፣ ብር፣ ቀን። ሲከፈል ይሰረዛል። የኢሉባቦር ሰው ገንዘብ የሚያየው በቡና ወቅት ስለሆነ ዱቤው ከክረምት እስከ ለቀማ ሊቆይ ይችላል፤ ደብተሩም አብሮ ይቆያል።

ይህ ደብተር ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ሥራው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ይገለጣል፤ የማይገለጥ ደብተር መቃብር ነው። ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ከጎኑ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ውሃ ከነካው ወይም እሳት ከበላው ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

እንግዲህ አፑን እንመዝነው

ለሚዛን ጉግል ኪፕን ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በነፃ የሚሠራ፣ የጂሜይል አድራሻ ያለው ሁሉ ሊከፍተው የሚችል ስለሆነ። አራት ጥያቄ እንጠይቀው።

*ቶሎ ይይዛል ወይ?* እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ትከፍታላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። የሥራ ዝርዝር ይሠራል፣ ፎቶ ይይዛል። የምትሰሙት ነገር ሳያመልጣችሁ ለመቅለብ ከደብተር ይፈጥናል። አስቴር ብታገኘው አትጠላውም ነበር።

*ኔትወርክ ሲጠፋስ?* ይህ ለእኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ አገር አቀፍ ሆኖ ቆይቷል። የስልኩ ኪፕ ያለ ኔትወርክም ይጽፋል፤ መስመር ሲመለስ ወደ ጉግል ይልካል። ጥሩ ነው። ሆኖም ሳይልክ ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ የዚያ ሰሞን ጽሑፍ አብሮ ሄደ። እሳት የበላው የዱቤ ደብተር ማለት ነው።

*የጻፍኩትን አገኘዋለሁ ወይ?* እዚህ ይደክማል። ኪፕ ውስጥ ማስታወሻ በማስታወሻ ውስጥ የሚሰደርበት መደርደሪያ የለም፤ ያለው መለያ ስም መለጠፍና ቀለም መቀባት ነው። ሃያ ማስታወሻ ሲሆን ያምራል፤ አምስት መቶ ሲሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ብጥስጣሽ ወረቀት ይመስላል። «ፈልግ» አለው አትበሉኝ። ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄያት አሉት። ማሽን እንዲያውቅ ካልተነገረው «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን እንደ ሁለት ቃል ያያቸዋል። በአንዱ ጽፋችሁ በሌላው ከፈለጋችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ። ይህ የኪፕ ብቻ ሳይሆን የአብዛኞቹ አፖች ጣጣ ነው። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል፤ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በእሱ ጽኑ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

*ልወጣ ብል እወጣለሁ ወይ?* ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ጉግል ከኪፕ በፊት ሌላ ማስታወሻ ነበረው፤ ጉግል ኖትቡክ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፍቶ በ2012 ተዘጋ። የዝሆን አርማ ያለውን ኤቨርኖትን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀምር «ዝሆን አይረሳም» ነበር ነገሩ። በ2022 መጨረሻ ለአንድ የጣሊያን ኩባንያ መሸጡ ተነገረ፤ በታኅሣሥ 2023 ነፃ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻ ብቻ ወሰናቸው። ሃምሳ! የአስቴርን 500 ሀብት አንድ አሥረኛ ነው። ዝሆኑ አልረሳም፤ የሚያስታውሰው በክፍያ ሆነ እንጂ።

የኪፕ ነገር ከዚህ ይሻላል፤ ጉግል የጻፋችሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የምታወርዱበት መንገድ አለው። ችግሩ መንገዱ መኖሩን የሚያውቅ፣ አውቆም የሚያወርድ ጥቂት መሆኑ ነው። በሌላ ወገን እንደ ኦብሲዲያን ያሉ አፖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ ጽሑፉን ራሳችሁ ስልክና ኮምፒውተር ላይ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በምላሹ ግን ቅጂ የማስቀመጡ ኃላፊነት የእናንተ ይሆናል።

«ተራ ፋይል» የምለው በምክንያት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቃል። የዚያን ጊዜ የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ነበራቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉን ስትከፍቱት የሚመጣው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የ1899ኙን የኦኔሲሞስ መጽሐፍ ፊደል የቆጠረና ኦሮምኛ የሚችል ሰው ዛሬም ያነበዋል። ከእሱ በመቶ ዓመት ገደማ የሚያንስ የኮምፒውተር ፋይል ግን ላይነበብ ይችላል።

ፍርዱ

እንግዲህ እኔ እንዲህ እላለሁ። ኪፕ መቅለቢያ ነው፤ ጎተራ አይደለም። የቀኑን ሥራ፣ የገበያ ዝርዝር፣ መንገድ ላይ የመጣላችሁን ሐሳብ ስጡት። እንዲቆይ የምትፈልጉትን በየሳምንቱ እያወጣችሁ ተራ ፋይል ውስጥ አስገቡ፤ አንድ ቅጂ ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ። በጣም የምትሳሱለትን በወረቀት አትሙት። የዱቤ ደብተሩን ልማድ ጨምሩበት፤ በየቀኑ ግለጡት።

ይህ ስለ ግል ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ያዮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ የቡና ጫካ አለ። የዚያን ጫካ ዛፎች በስማቸው የሚያውቁ፣ ጎሬ ደማቅ ገበያ የነበረችበትን ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ከጎናቸው ደግሞ ስልክ የያዘ የልጅ ልጅ ተቀምጧል። አያቱ የነገሩትን ቢጽፍ ከአስቴር የቀለለ ሥራ ነው፤ እሷ ከትዝታዋ በቀር የምትጠይቀው አያት አጠገቧ አልነበረም። ብቻ የጻፈው ነገር በየትኛው ኩባንያ ደጅ እንደሚያድር ይወቅ፤ ቁልፉንም እጁ ላይ ያድርግ። አለበለዚያ የልጅ ልጁ ይህን ለማንበብ የሌላ ሰው በር ማንኳኳት ይኖርበታል፤ በሩ የዚያን ጊዜም ካለ።