ስለ ቱስኪጊ ከተማ ታሪክና አቀማመጥ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አብዛኛው ክፍለ ሀገር ካውንቲ በሚባሉ አውራጃዎች የተከፈለ ነው፤ ለአውራጃውም ብዙውን ጊዜ ርእሰ ከተማ ይመደብለታል። ከተማይቱ ርእሰ ከተማ የምትባለው የአውራጃው ፍርድ ቤት፥ የመሬቱ መዝገብ፥ የግብሩ ደብተርና ወኅኒ ቤቱ በእርሷ ውስጥ ስለሚገኙ ነው እንጂ በሕዝቧ ብዛት ወይም በንግዷ ስፋት አይደለም። በደቡቡ ክፍል ያሉት እነዚህ ትንንሽ ከተማዎች አሠራራቸው ይመሳሰላል። በመካከል አራት ማዕዘን የሆነ ሜዳ አለ፤ ፍርድ ቤቱ ወደ ሜዳው ይመለከታል፤ ሱቆቹም ዙሪያውን ይከቡታል። መሬት የገዛ፥ ውርስ የሚካፈል፥ ለምርጫ ስሙን የሚያስጽፍ ሁሉ ወደዚያ ይመጣል። ስለዚህ የእንደዚህ ያለችውን ከተማ ታሪክ የሚመረምር ሰው፥ በመዝገቡ ማን እንደ ተጻፈ፥ ከመዝገቡም ማን እንደ ተፋቀ መመልከት ይገባዋል። ከነዚህም አንዲቱ ቱስኪጊ ናት፤ ታሪኳም ወደ አገራችን የሚደርስ ክር አለው። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱስኪጊ በአላባማ ክፍለ ሀገር የሜከን አውራጃ ርእሰ ከተማ ናት። ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከሞንትጎመሪ በስተ ምሥራቅ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 140 ሜትር ያህል ነው። በሰሜን በኩል ጥድ የሚበቅልባቸው አሸዋማ ኮረብታዎች አሉ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ መሬቱ እየተዘረጋ ጥቁርና ወፍራም አፈር ይሆናል። በአውራጃው ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የታላፑሳ ወንዝ ይፈሳል፤ ኡፋፒ የሚባለውም ጅረት ወደ እርሱ ይገባል። ይህ ጥቁር አፈር በአላባማ መካከል ተሻግሮ እስከ ሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር የሚደርስ ነው፤ ሰዎቹም ጥቁሩ መቀነት ይሉታል። ስሙ አስቀድሞ የተሰጠው ለአፈሩ መልክ ነበረ። ኋላ ግን ያ አፈር ጥጥ ስለሚያበቅል፥ ጥጡም በባሮች እጅ ስለሚለቀም፥ ጥቁሮች ከነጮች ይልቅ የሚበዙበት አገር ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። አፈሩ ሕዝቡን ጠራ፤ ሕዝቡም የአፈሩን ስም ወረሰ።

ከጥጡ በፊት ምድሩ የክሪኮች ነበረ። የከተማይቱ ስም የመጣው ኩሳና ታላፑሳ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት አጠገብ ከነበረችው ከክሪኮች ከተማ ከታስኪጊ ነው። በመጋቢት ወር 1832 ክሪኮች ከዋሺንግተን መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ። በውሉም ከሚሲሲፒ ወንዝ በምሥራቅ ያለውን ምድራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው መቅረት ለሚወድ ግን ለእያንዳንዱ አባወራ 320 ኤከር፥ ማለት በእኛ ልክ ሦስት ጋሻ ከሩብ ያህል፥ ተለይቶ እንዲሰጠው ተጻፈ። ውሉ በወረቀት ሲነበብ ርኅራኄ ያለው ይመስላል። ነገር ግን መሬት ሸማቾቹ ቋንቋውንና ሕጉን የማያውቀውን ባለ ርስት በማታለል ርስቱን እየነጠቁ ወሰዱት። ክሪኮችም ስለዚሁ ነገር በ1836 በተነሡ ጊዜ የመንግሥት ጦር በግድ ወደ ምዕራብ ነዳቸው። ውሉ በተፈረመበት ዓመት በታኅሣሥ የሜከን አውራጃ ተቋቁሞ ነበረ፤ እንግዲህ አውራጃው የተሰየመው ባለ ርስቶቹ ገና ከቦታቸው ሳይነሡ ነው።

በ1833 ቶማስ ዉድዋርድ የሚባል፥ ክሪኮችን የወጋ ጄኔራል፥ ለርእሰ ከተማነት ቦታውን መረጠ። ከዚያ በኋላ ጥጡ ባለጠጎችን አበዛ፤ የደጅ ዓምድ ያላቸው ትልልቅ ቤቶችም ተሠሩ። በ1854 የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኮሌጅ ተመሠረተ፤ እርሱም ወደ ኋላ ወደ ሞንትጎመሪ ተዛውሯል። ዋናው የምድር ባቡር ግን በከተማይቱ አላለፈም፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን በቺሆ አለፈ። ከዚያ እስከ ከተማይቱ የምትደርስ አጭር መስመር ተሠራች። ባቡር ያለፋት ከተማ ብዙውን ጊዜ ትደርቃለች፤ ቱስኪጊን ከዚህ ያዳናት ትምህርት ቤት ነው።

የትምህርት ቤቱም አመሠራረት እንዲህ ነው። ሉዊስ አዳምስ የሚባል ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሰው በከተማይቱ ይኖር ነበረ፤ ጫማ መስፋት፥ የፈረስ ዕቃ መሥራትና ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ያውቅ ነበረ። አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት ሳይገባ ማንበብና መጻፍ ተምሯል። በዚያን ጊዜ ጥቁሮች ገና ድምፅ ይሰጡ ስለ ነበረ፥ ለክፍለ ሀገሩ ሸንጎ የሚወዳደር አንድ ነጭ የጥቁሮቹን ድምፅ ፈልጎ ወደ አዳምስ መጣ። አዳምስም ለራሱ ምንም ሳይጠይቅ ለወገኖቹ መምህራን የሚያወጣ ትምህርት ቤት ጠየቀ። ሸንጎውም ለመምህራን ደመወዝ በዓመት 2000 ዶላር ፈቀደ። በዚህ ነገር አዳምስን የረዳው ጆርጅ ካምቤል የተባለ፥ ቀድሞ ባሪያ አሳዳሪ የነበረ ነጋዴ ነው። የባሪያና የጌታ ስም በአንድ ደብዳቤ ሥር ለአንድ ሥራ መገኘቱ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አስተማሪ ሆኖ የተላከላቸው በባርነት የተወለደው የሃያ አምስት ዓመቱ ቡከር ዋሺንግተን ነው። በደረሰ ጊዜ ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ እንጂ ቤትም መሬትም አላገኘም። በሐምሌ 4 ቀን 1881 ሠላሳ ተማሪዎች ይዞ በጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቧ በነበረች በአንዲት የፈረሰች ጎጆ ማስተማር ጀመረ። ጣራው ስለሚያፈስ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከተማሪዎቹ አንዱ ጃንጥላ ይይዝለት እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። ቀጥሎም 100 ኤከር፥ አንድ ጋሻ ያህል የሚሆን፥ የተተወ የጥጥ እርሻ በ500 ዶላር ገዛ፤ ለመጀመሪያው ክፍያም ገንዘብ ተበደረ። ለሕንፃው ጡብ ራሳቸው ተማሪዎቹ እንዲሠሩ አዘዘ። ሦስት ጊዜ ምድጃ አነደዱ፤ ሦስቱም ተበላሸ። መምህራኑ ሥራው እንዲቀር መከሩት፤ እርሱ ግን የኪስ ሰዓቱን ወደ ሞንትጎመሪ ወስዶ በ15 ዶላር በመያዣ አስያዘና አራተኛውን ምድጃ አነደደ። አራተኛው ተሳካ። ሰዓቱንም መልሶ አላገኘውም። ከዚያ ወዲያ የከተማይቱ ነጮች ሳይቀሩ ጡብ ከትምህርት ቤቱ ይገዙ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ሮበርት ቴይለር ሕንፃዎቹን ነደፈ፤ በ1896 የመጣው ጆርጅ ዋሺንግተን ካርቨርም እስከ ሞተበት እስከ 1943 ድረስ ጥጥ ያደከመውን አፈር በኦቾሎኒና በአተር እንዲያድሱት ገበሬዎችን አስተማረ። ቡከር ዋሺንግተን ግን የተከተለው መንገድ ከወገኖቹ ብርቱ ነቀፌታ አምጥቶበታል። በ1895 በአትላንታ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች አስቀድመው በእጅ ሥራና በንብረት እንዲጸኑ፥ የመምረጥ መብትንና እኩልነትን ግን በኃይል እንዳይጠይቁ መከረ። ዱቦይስ የተባለው ሊቅ በ1903 ይህን ምክር አጥብቆ ነቀፈ። የሁለቱን ክርክር በመጽሐፍ ከመፍረድ ይልቅ በዚህችው ከተማ የሆነውን መመልከት ይሻላል።

ዋሺንግተን ገና በሕይወት ሳለ በ1906 የአውራጃው ሹማምት የከተማይቱን መካከለኛ ሜዳ፥ ነጮች ብቻ መናፈሻ እንዲያደርጉት፥ ለደቡቡ ጦር መታሰቢያ ለሚያቆም የነጮች ሴቶች ማኅበር ሰጡ። በ1909 በሜዳው ላይ የወታደር ሐውልት ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ትምህርት ቤቱን በጡብ የገነቡት ሰዎች የገዛ ከተማቸው እምብርት የሌላ ርስት ሆነባቸው። በ1923 መንግሥት ለጥቁር አሮጌ ወታደሮች ትልቅ ሆስፒታል በዚያ ሲከፍት፥ ጥቁር ሐኪሞች እንዳይሾሙበት ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው ማኅበር ነጭ ልብስ ለብሶ በከተማይቱ ተሰለፈ። ዋሺንግተንን የተካው ሮበርት ሞተን ዛቻውን ችሎ ጸና፤ በሚቀጥለው ዓመት የሆስፒታሉ ሐኪሞች ጥቁሮች ሆኑ።

ከዚህ የከፋ ነገር የተሠራው ግን በሰልፍና በዛቻ አይደለም፤ በዝምታ ነው። ከ1932 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በሜከን አውራጃ 600 ጥቁር ወንዶችን መዘገበ። 399ኙ ቂጥኝ የያዛቸው፥ 201ዱ ጤነኞች ነበሩ። በሽተኞቹ ደማቸው እንደ ከፋ ብቻ ተነገራቸው፤ የበሽታቸው ስም ተሰወረባቸው። የሚታከሙ መስሏቸው ይመላለሱ ነበረ፤ ምግብና ለቀብራቸው የሚሆን ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ሲሞቱም ሬሳቸው ይመረመራል። በ1947 ፔኒሲሊን የበሽታው የታወቀ መድኃኒት ሆኖ ሳለ እነርሱን እንዳይደርሳቸው ተደረገ። ነገሩ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1972 በጋዜጣ ሲገለጥ ተቋረጠ። በ1974 ለተረፉትና ለወራሾቻቸው 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል በስምምነት ተወሰነ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1997 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀ። የትምህርት ቤቱ ሆስፒታል ራሱ ለዚህ ሥራ ቦታና እርዳታ ሰጥቶ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ድኆቹ ገበሬዎች ያመኑት ያንን የጡብ ቤት አይተው ነበርና።

ወደ እኛ የሚደርሰው ክር እነሆ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በቱስኪጊ የአውቶሞቢል ሥራ ተምሮ ወጣ፤ ኋላም በሺካጎ አይሮፕላን ማብረር ተማረ። በ1934 ራሱ እያበረረ ወደ ቱስኪጊ ተመልሶ የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ለመነ፤ ልመናውም በዚያን ጊዜ አልተፈጸመለትም። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ልትወጋ ስትዘጋጅ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገለገለ፤ የጥቂቶቹም አይሮፕላኖች አዛዥ ሆነ። ከድል በኋላ በ1944 እንደ ገና መጥቶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ። በ1954 በአይሮፕላን አደጋ ቆስሎ በአዲስ አበባ ዐረፈ፥ በዚያውም ተቀበረ። እርሱ የለመነው ትምህርት በቱስኪጊ የተከፈተው ጦርነት ባስገደደ ጊዜ ነው። ከ1941 እስከ 1946 ወደ 1000 የሚጠጉ ጥቁር አብራሪዎች በዚያ ሠለጠኑ፤ በሰሜን አፍሪካና በኢጣልያም ሰማይ ተዋጉ።

እነዚህ ወታደሮች ከጦርነት ሲመለሱ፥ ከመምህራኑና ከሐኪሞቹ ጋራ ሆነው ስማቸውን በምርጫ መዝገብ ለማስጻፍ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ። መዝጋቢዎቹ አንዳንዴ ለብዙ ወራት ሳይሰበሰቡ ይቀሩ ነበረ። የሆነ ሆኖ በ1957 በከተማይቱ ክልል 400 ያህል ጥቁር መራጮች ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ የአላባማ ሸንጎ አንድ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም እስከዚያ አራት ማዕዘን የነበረው የከተማይቱ ወሰን 28 ጎን ያለው ጠማማ ቅርጽ ሆነ። አዲሱ መስመር በጥቁሮቹ ቤት አጠገብ እየተጠማዘዘ፥ ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ጥቁር መራጮችን በሙሉ ከከተማይቱ አወጣ፤ ትምህርት ቤቱንም ወደ ውጭ ጣለው። ከነጮች ግን አንድ መራጭ እንኳ አልወጣም። ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይነሡ ከከተማቸው ተሰደዱ። ቀያሽ በገመድ ርስት ሲያጠፋ አይተን እናውቃለን፤ እንደዚህ ያለውን ቅየሳ ግን የሰማ ጥቂት ነው።

በትምህርት ቤቱ መምህር የነበረው ቻርልስ ጎሚልየን የከተማይቱን ጥቁሮች ሰብስቦ በሜዳው ዙሪያ ካሉት ከነጮቹ ሱቆች እንዳይገዙ አደረገ፤ ብዙዎቹም ሱቆች ተዘጉ። እርሱና ጓደኞቹ ፍሬድ ግሬይ የተባለውን ወጣት ጥቁር ጠበቃ ይዘው ከሰሱ፤ በኋላም ለቂጥኙ በሽተኞች የተሟገተ ይኸው ጠበቃ ነው። ክሱ እስከ ዋሺንግተን ላይኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኅዳር 14 ቀን 1960 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ቃል ለጎሚልየን ፈረዱ፤ የጥቁርን ሰው ድምፅ ለማጥፋት የተሰመረ ወሰን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ያ ቀን ቡከር ዋሺንግተን የሞተበት 45ኛ ዓመት ነበረ። በ1961ም የከተማይቱ ወሰን ወደ ቀድሞው አራት ማዕዘን ተመለሰ። የዋሺንግተን ምክር ስንፍና ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ ጠበቃ ለማቆምና ሱቅ ሳይገዙ ለመታገሥ የበቁት ትምህርትና ንብረት ስለ ነበራቸው ነው። ነገር ግን ንብረቱና ትምህርቱ ብቻውን ከመስመሩ ውስጥ ሊያስቀራቸው አልቻለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1963 ገዢው ጆርጅ ዋለስ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድነት እንዳይማሩ የትምህርት ቤቱን በር በፖሊስ ዘጋ፤ ነጮቹም ልጆቻቸውን እያወጡ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በጥር 1966 ሳሚ ያንግ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ በቤንዚን መሸጫ ለነጮች የተለየውን መጸዳጃ ለመጠቀም ስለ ፈለገ ተገደለ፤ ገዳዩም ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ሸንጎ ነጻ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገ ምርጫ ሉሽየስ አመርሰን የአውራጃው ሸሪፍ እንዲሆን ተመረጠ፤ ጥቁር ሰው ድሮ ታስሮ በሚገባበት ወኅኒ ቤት አሁን ቁልፉን ያዘ። በ1972 ጥቁር ከንቲባ ተሾመ። ነጮቹ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ፤ ታላቁም የአውቶሞቢል መንገድ ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ስላለፈ ንግዱ ቀዘቀዘ። በ2020 በተደረገው ቈጠራ የሕዝቡ ቍጥር 9395 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥጡ አድክሞት የተተወውን መሬት መንግሥት በ1930ዎቹ ገዝቶ ጥድ አስተከለበት፤ በ1959ም ቱስኪጊ የሚባል የመንግሥት ደን ተብሎ ታወጀ። ስፋቱ 11000 ኤከር፥ ማለት 110 ጋሻ ያህል ነው፤ ከአሜሪካም የመንግሥት ደኖች ሁሉ እርሱ ትንሹ ነው።