የመጋዝ ርግጫ፦ ቼንሶ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ቃል

የመጋዝ ርግጫ (ስም)፦ በእንግሊዝኛ ኪክባክ የሚባለው። ቼንሶ፣ ማለትም ባለ ሰንሰለት የሞተር መጋዝ፣ በሥራ ላይ እያለ የባሩ ጫፍ ከአንድ ነገር ጋር ሲነካካ ወይም ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲያዝ፣ መጋዙ በድንገት ወደ ላይና ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደያዘው ሰው መምጣቱ። ግሡ «መጋዙ ረገጠ»፣ «ይረግጣል» ተብሎ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012፣ አርብ ማታ፣ ዴሬቾ የሚባል ኃይለኛ ማዕበል ከአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂንያን መታ። ሚሊዮኖች መብራት ተቋረጠባቸው፤ በየሰፈሩ ትልልቅ ዛፎች መንገድና ጓሮ ላይ ተጋደሙ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው፣ ልጅ አሳድገው የሚኖሩት በዚሁ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ማዕበል ባለፈ ቁጥር፣ ከዚህ በፊት ቼንሶ ነክቶ የማያውቅ ሰው የወደቀውን ግንድ ከበሩ ላይ ለማንሳት ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ የሚባሉት የመሣሪያ መደብሮች ይገባል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም ስለ ጉልበቱ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ዋጋው።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ መጋዝ ለሚያነሳ ሰው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ይህ መጋዝ ሲረግጥ ምን ያቆመዋል? ዕለት ዕለት እንጨት የሚቆርጥ ባለሙያ እጁም ዓይኑም ሠልጥኗል፤ መጋዙ የሚረግጥበትን ቦታ ሳያስብበት ይሸሻል። አልፎ አልፎ የሚሠራው ሰው ይህ ልምድ ስለሌለው ጉድለቱን መሣሪያው እንዲሞላለት ያስፈልጋል። አስተማማኝ ቼንሶ የሚባለውም፣ ወራት ተቀምጦ ሲፈለግ የሚነሳና ሲረግጥ ራሱን የሚያቆም ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሲዲሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደገለጸው፣ በአገሪቱ በየዓመቱ 36,000 ያህል ሰዎች በቼንሶ ጉዳት ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ገብተው ይታከማሉ። አብዛኛው ጉዳት እግርና እጅ ላይ የሚደርስ ቢሆንም፣ ርግጫ የሚያመጣው ወደ ፊት፣ ወደ አንገትና ወደ ትከሻ ስለሆነ ከሁሉም ይከፋል።

ለምን «ርግጫ»?

ኪክባክን በመዝገበ ቃላት የፈለገ ሰው ከመጋዝ በፊት ጉቦን ሊያገኝ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ቃሉ ለሁለቱም ያገለግላልና። «መልሶ መምታት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሐሳቡን ቢገልጽም ይረዝማል፤ ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ ስም ለመሆንም አይመችም። ርግጫ አጭር ነው፤ በቅሎ ወይም አህያ ባለበት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድንገተኛ መሆኑ፣ ወደ ኋላ መምጣቱ፣ አጠገቡ ለቆመ ሰው አደገኛ መሆኑ በቃሉ ውስጥ አለ። «ዝቅተኛ ርግጫ ያለው ሰንሰለት» ብሎ ለማራባትም ይመቻል።

እንዴት ይፈጠራል?

ባር የምንለው ከሞተሩ ወደ ፊት የተዘረጋውን ረጅምና ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሰንሰለቱ ጠርዙን ይዞ ይዞራል። በባሩ የላይ ጠርዝ ከሞተሩ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ ጫፉን ይዞርና በታችኛው ጠርዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ፍጥነቱ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ከዚህ ዙረት ሦስት የተለያዩ ኃይሎች ይወጣሉ። በታችኛው ጠርዝ ሲቆርጡ ሰንሰለቱ መጋዙን ወደ ግንዱ ይስበዋል፤ መጋዙ እንጨቱ ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ይህ ከሁሉም የተረጋጋው አቆራረጥ ነው። በላይኛው ጠርዝ ሲቆርጡ መጋዙን ወደ ሰውየው ይገፋዋል። ሦስተኛውና አደገኛው ቦታ የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ ነው። እዚያ ላይ ጥርሶቹ ኩርባውን እየዞሩ ወደ ታች ስለሚያቀኑ ከወትሮው ይልቅ በጥልቀት ይነክሳሉ። የነከሱት ከአቅማቸው በላይ ሲሆን መቁረጥ ያቅታቸዋል፤ ሰንሰለቱን ይነዳ የነበረው ኃይል በሙሉ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ እጁን ከማንሳቱ በፊት ነገሩ አልቋል።

የተለመደው አጋጣሚ ይህን ይመስላል። የወደቀ የኦክ ዛፍ ተጋድሟል፤ ሰውየው አንዱን ወፍራም ቅርንጫፍ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣል። ዓይኑ ያለው መጋዙ እንጨቱን በሚበላበት ቦታ ላይ ነው። የባሩ ጫፍ ግን ከቅርንጫፉ ማዶ አልፎ ወጥቷል፤ እዚያ በቅጠል የተሸፈነች፣ አውራ ጣት የምታክል ጭራሮ አለች። ጫፉ እሷን ሲነካ መጋዙ ይረግጣል። ሁለተኛው ዓይነት ርግጫ ደግሞ የሚመጣው ክብደት ያለው ግንድ ሲቆረጥ ስንጥቁ ተዘግቶ የባሩን የላይ ጠርዝ ሲጨብጠው ነው።

በመጥረቢያ ባሕር ዛፍ እየፈለጠ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል። የመጥረቢያ አደጋ የሚሄደው እጅ በላከው አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ሰው ከፊት ለፊት ይጠነቀቃል። የቼንሶ ርግጫ የሚመጣው ወደ ራስ ነው። አገር ቤት የተገኘው የእንጨት ልምድ ብዙ ቢጠቅምም፣ በዚህ ነጥብ ላይ አዲስ ትምህርት ያስፈልጋል።

ከርግጫ ጋር አብረው የሚታወቁ ቃላት

የሰንሰለት ፍሬን፦ ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታየው የእጅ መከላከያ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ በመጋዙ ውስጥ ያለ የብረት ቀበቶ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ከበሮ አጥብቆ ይዞ ሰንሰለቱን ያቆማል። መጋዙ ሲረግጥ የግራ እጅ ጀርባ መከላከያውን ይመታዋል። በተሻሉት ላይ ደግሞ እጅ ባይነካውም እንኳ የመወርወሩ ኃይል ብቻ ፍሬኑን ያስይዘዋል። ይህ ፍሬን በአምራቾች ዘንድ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለሆነ፣ ከጋራዥ ሽያጭ በርካሽ የተገኘ አሮጌ ቼንሶ ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። አዲስ መግዛትን የሚያስመርጠው ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ዝቅተኛ ርግጫ ያለው ሰንሰለት፦ በጥርሶቹ መካከል ጫፉን ሲዞሩ ከፍ የሚሉ ተጨማሪ ብረቶች አሉት፤ ጥርሱ ከመጠን በላይ እንዳይነክስ ይከለክላሉ። ቢ175.1 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ይህን ዓይነቱን ሰንሰለት ለይቶ ይደነግጋል፤ ለትናንሽ የቤንዚን መጋዞችም የርግጫው አንግል በስሌት ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እንደ ስቲልና ኦሪገን ያሉ አምራቾች ይህን ሰንሰለት በአረንጓዴ ምልክት፣ ለባለሙያ የተተወውን በቢጫ ምልክት ያሳያሉ። ለቤት የሚበቃው አረንጓዴው ነው። ትርፍ ሰንሰለት ሲገዙም ቢጫው በፍጥነት ይቆርጣል ብሎ የሚመክርዎትን አይስሙ።

የጥልቀት ልክ፦ ከእያንዳንዱ ቆራጭ ጥርስ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ናት፤ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚያነሳ የምትወስነው እሷ ናት። በቤት መጋዞች ላይ ከጥርሱ ስለት በታች የምትውለው ብዙውን ጊዜ 0.025 ኢንች፣ ማለትም 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መጋዙ ቶሎ እንዲቆርጥ ብሎ ጉብታዋን በሞረድ አብዝቶ የሚሞርድ ሰው ርግጫውን በገዛ እጁ ያባብሰዋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይመረጥ?

ባሩ ከ14 እስከ 16 ኢንች፣ ማለትም ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጓሮ ሥራ ይበቃል። ባሩ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ከዓይን ይርቃል፤ የማይታየው ጫፍ ነው ጭራሮዋን የሚነካው። በቤንዚን ለሚሠራው ከ30 እስከ 40 ሲሲ ሞተር ከዚህ ባር ጋር ይመጣጠናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ በባትሪና በቤንዚን መካከል ነው፤ አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ሰው የእኔ ምክር ባትሪ ነው። የቤንዚን ቼንሶ ጠላት ሥራ መፍታት ነው። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፤ ቤንዚኑም ሲቆይ ተለውጦ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። በመጸው የተቀመጠ መጋዝ በጸደይ ገመዱ ቢጎተት ቢጎተት አልነሳ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚን የሚመርጥ ሰው ኤታኖል የሌለበትን፣ ዘይቱ ቀድሞ የተደባለቀበትን የቆርቆሮ ነዳጅ ይግዛ። ራሱ ከደባለቀ ደግሞ የዛሬዎቹ መጋዞች በአብዛኛው የሚጠይቁት 50 ለ 1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ሥራው ሲያልቅ ታንኩን አሟጦ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ይገባል።

የባትሪ መጋዝ ቁልፉ ሲጫን ይነሳል፤ ወራት ቢቀመጥም ቅር አይለውም። ሲገዙ በካርቶኑ ላይ በጎላው ቮልት አይታለሉ። «40 ቮልት ማክስ» እና «36 ቮልት» ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ባትሪ ናቸው፤ ልዩነቱ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን መለካቱና በአማካይ መለካቱ ነው። ማወዳደር ያለብዎ ዋት አወሩን ነው፤ 36 ቮልት በ5 አምፒር አወር ሲባዛ 180 ዋት አወር ይሆናል፤ በ2.5 ከሆነ 90 ብቻ። ሲቀመጥ ባትሪው ግማሽ ያህል ሞልቶ ከውርጭና ከሙቀት ይራቅ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ አለ፦ የባትሪ ቼንሶም የሰንሰለት ዘይት ይጠጣል። ያለ ዘይት የሚዞር ሰንሰለት ባሩን ይበላዋል።

አንድ እጅ የሚያህሉት፣ «ሚኒ» ተብለው በርካሽ የሚሸጡት የባትሪ መጋዞች በአብዛኛው የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። ትንሽ መሆናቸው ሰውን ያዘናጋል፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቅርንጫፍ መጨበጥ ደግሞ ጣት ያስቆርጣል።

ለዘመድ ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ለሚያስቡም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከ160 ዋት አወር በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ ለተሳፋሪ በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም። በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ የአሜሪካ ቻርጀርም አገር ቤት ካለው 220 ቮልት ጋር አይገጥምም። ነዳጅ የነካው የቤንዚን መጋዝም በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። ለመውሰድ የሚታሰበው አዲስ፣ ነዳጅ ገብቶበት የማያውቅ መሆን አለበት፤ ያም ቢሆን አየር መንገዱን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍሬኑ መሥራቱ እንዴት ይታወቃል?

ሱቅ ውስጥ መከላከያውን ወደ ፊት ይግፉት፤ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ወደ ራስዎ ሲስቡት ደግሞ ይለቃል። ቤት ከገቡ በኋላ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ሌላ ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ መጋዙን ጉቶ ላይ ከፍ አድርገው በሁለቱ እጀታዎች ይያዙት። ከዚያ የፊተኛውን እጀታ ይልቀቁና በኋለኛው እንደተንጠለጠለ ጫፉ ጉቶው ላይ ይውደቅ። በመወርወር ኃይል የሚይዝ ፍሬን ጫፉ እንጨቱን ሲመታ ራሱ ይይዛል። ካልያዘ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይመለስ።

ፍሬን መኖሩ አያያዝን አይተካም። የግራ እጅ አውራ ጣት ከፊተኛው እጀታ ሥር ዞሮ ይጨብጥ፤ ጣቱ ከላይ ከዋለ በርግጫ ጊዜ እጅ ይለቃል። ሰውነት ከባሩ መስመር በስተግራ ይቁም። መጋዝ ከትከሻ በላይ አይነሳ፤ መሰላል ላይም አይሠራበት። ሞተሩ ሲነሳ ፍሬኑ ተይዞ፣ መጋዙ መሬት ላይ በእግር ተረግጦ ይሁን። ሄልሜት፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማና ቻፕስ የሚባለው የጭን መከላከያ አብረው ይገዙ። ቻፕስ ሰንሰለቱ ሲነካው ረጃጅም ክሮቹ ተስበው ወጥተው ማዞሪያውን ያንቁታል። ሞተሩ በባትሪ ሲሆን ኃይሉ ስለማይቋረጥ መከላከሉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ያለ መከላከያ ከመሥራት ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተንጋለለ፣ ጣሪያ የተጫነ ወይም ተገትሮ እንደ ቀስት የተወጠረ ዛፍ ለባለቤቱ አይደለም፤ ፈቃድና መድን ያለው ባለሙያ ይጠራ። ለቀረው የጓሮ ሥራ ገንዘብ ከጠበበ ከባሩ ርዝመትና ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሱ፤ ትንሽ መጋዝ ሥራውን ቢያዘገይ እንጂ አይከለክልም። ከሰንሰለት ፍሬኑ፣ ከአረንጓዴው ሰንሰለትና ከጭን መከላከያው ግን አንዱንም አይቀንሱ።